የጥያቄና መልስ ዓምድ፦ ምናብ በሽቦና በካሜራ

ሰሞኑን ከሐዋሳ የደረሱን ደብዳቤዎች በሁለት ኢትዮጵያውያን አርቲስቶች ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው። አንዱ ከተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና ከኮምፒዩተር ስብርባሪ ግዙፍ ሥራዎችን የሚሠራው ኤልያስ ስሜ ነው። ሌላዋ የሰውን ፊትና ገላ በቀለም አስውባ በምታነሳቸው ፎቶግራፎች የምትታወቀው አይዳ ሙሉነህ ናት። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን የሥነ ጥበብ ክበብ ኤልያስ ስሜን ከአይዳ ሙሉነህ ጋር አወዳድረን እንድናቀርብ ተመድበናል። የጻፍነው ግን «እሱ በሽቦ፣ እሷ በካሜራ» ከማለት አላለፈም። «ሁለቱም ስለ ኢትዮጵያ ይሠራሉ» የሚል ብንጨምርም መምህራችን «ይህ ስለ ማንም ሊባል ይችላል» ብለው መለሱልን። ከየት እንጀምር?
*የሥነ ጥበብ ክበብ አባላት፣ ታቦር ተራራ አካባቢ፣ ሐዋሳ*

መልስ፦ መምህራችሁ ልክ ናቸው። ርዕሰ ጉዳይን ከርዕሰ ጉዳይ ማወዳደር ብዙ አያስኬድም። ይልቅስ ይህን ጠይቁ፦ አርቲስቱ ወሳኙን ምርጫ ያደረገው መቼ ነው? ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ እጁ ሥራ ላይ እያለ? ሁለቱ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ላይ በጣም ይለያያሉ፤ ልዩነቱም የሚመነጨው ከያዙት ቁስ ነው።

አይዳ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ሲሆን ያደገችው በተለያዩ አገሮች ነው። በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጥንታለች፤ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም ፎቶግራፍ አንስታለች። የጋዜጣ ፎቶግራፈር ሥራ መጠበቅ ነው፤ ክስተቱ ይመጣል፣ እሱ ይቀልባል። ዛሬ የምናውቃቸው ሥራዎቿ ግን የዚህ ተቃራኒ ናቸው። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ትነድፋለች። ልብሱ ይሰፋል፣ ጀርባው ይዘጋጃል፣ ፊት ይቀባል፣ ሞዴሏ የት እንደምትቆምና እጇን እንዴት እንደምትይዝ ይወሰናል። ካሜራው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ «ካሜራ ያለውን ያሳያል እንጂ አይፈጥርም» የሚለው የቆየ ሙግት እሷ ዘንድ አይሠራም፤ ከካሜራው ፊት ያለው ነገር ራሱ ተፈጥሮ የቀረበ ነውና።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆናችሁ ዋተርኤይድ በተባለው ድርጅት ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2018 ዳሎል ላይ ያነሳችው ስለ ውኃ የሚናገረው ተከታታይ ሥራ ነው። የውኃ እጦት በሴቶች ላይ የሚጥለውን ሸክም ያወሳል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ የለመድነው ምስል የተጎሳቆለ ፊትና የተሰነጠቀ መሬት ነው። እሷ ያንን አልፈለገችም። በጨዋማው ምድር ላይ ደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ አቆመች፤ ሴቶቿም ቀጥ ብለው፣ በክብር የቆሙ ናቸው። እኛ እንደምናየው የምናቧ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው፦ ችግሩን ሳትደብቅ ምስሉን ከልመና አወጣችው።

ኤልያስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በመሥራቹ በአለ ፈለገሰላም ስም ከሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም እ.ኤ.አ. በ1990 ተመረቀ። ሸራ ላይ በክር ሰፍቷል፤ የልብስ ቁልፍና የጠርሙስ ክዳንም ተጠቅሟል። ከሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም ሕንፃ የተሠራው በጭቃና በጭድ ነው። በዓለም መድረክ በይበልጥ የታወቀው ግን «ታይትሮፕ» በተባለው ተከታታይ ሥራው ነው። ርዕሱ በተወጠረ ገመድ ላይ መራመድን ይመለከታል፤ ሰው በቴክኖሎጂና በሰው ለሰው ግንኙነት መካከል ሚዛኑን ጠብቆ የሚሄድበትን ጠባብ መንገድ። ሽቦው ይጎነጎናል፣ በእንጨት ላይ ጎን ለጎን ይደረደራል፣ ማዘርቦርድ (የኮምፒዩተር ዋና ሰሌዳ) እና የኪቦርድ ቁልፎች ይገቡበታል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቀለም የሚቀባ ሠዓሊ ሰማያዊና ቢጫ ቀላቅሎ አረንጓዴ ያወጣል። ሽቦ ግን አይቀላቀልም። ፋብሪካው ያወጣው ቀይ ያው ቀይ ነው። ስለዚህ ኤልያስ ማድረግ የሚችለው ማጎራበት ነው፦ ቀዩን ጉንጉን ከነጩ አጠገብ፣ ነጩን ከቡናማው አጠገብ ሲያኖር ከሩቅ የሚያይ ዓይን ራሱ ይቀላቅለዋል። ከአምስት ሜትር ላይ ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ወይም ከተማ የሚመስለው፣ ግማሽ ሜትር ሲቀርቡት ሽቦ ብቻ ነው። ይህን ምርጫ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በወረቀት መጨረስ አይቻልም። ዕቅድ የለውም ማለታችን አይደለም፤ ግን ከገበያ የተገኘው የሽቦ ዓይነትና መጠን ዕቅዱን መልሶ ያርመዋል።

ከዚህ ተነሥታችሁ ሦስት ነገሮችን ብታነጻጽሩ ይበቃችኋል። የመጀመሪያው ርቀት ነው፦ የኤልያስ ሥራ ስትቀርቡት ሌላ ነገር ይሆናል፣ የአይዳ ግን ከየትኛውም ርቀት ያው ነው፤ ከሩቅ የሚስባችሁ ቀለም ሲቀርቡትም አይከዳችሁም። ሁለተኛው የስህተት ዋጋ ነው። ፎቶግራፍ ካልሆነ ደግሞ ማንሳት የሚቻለው ሞዴሏ ሳትሄድ ብቻ ነው፤ የተጎነጎነ ሽቦ ካልሆነ ግን መንቀል፣ መፍታትና እንደገና መጎንጎን አለ። ይህ አንደኛዋን ከመጀመሯ በፊት እንድትወስን፣ ሌላኛውን እየቀጠለ እንዲያዳምጥ ያደርገዋል። ሦስተኛው ሰው ነው፤ እኛ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው እንላለን። በአይዳ ሥራ ሰው መሃል ላይ ቆሞ ዓይን ለዓይን ያያችኋል። በኤልያስ ሥራ ሰው የለም፤ ግን እያንዳንዱ የኪቦርድ ቁልፍ የማናውቀው ሰው ጣት ደጋግሞ የነካው ነው። አንዷ ሰውን በአካል፣ ሌላው በአሻራ አስገብተውታል።

«ኤልያስ ስለ አካባቢ ብክለት ይሠራል» ብላችሁ እንዳትዘጉት ግን አደራ። ያንን ብቻ ካላችሁ ሥራውን ወደ ቆሻሻ አወጋገድ ማስታወቂያ ታወርዱታላችሁ።

ጥያቄ፦ የሁለቱንም ሥራ የማየው በስልኬ ነው። የአይዳ በጣም ይማርከኛል፤ የኤልያስ ግን ምንጣፍ ብቻ ይመስለኛል። ችግሩ እኔ ጋ ነው?
*የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፒያሳ፣ ሐዋሳ*

መልስ፦ አንቺ ጋ አይደለም፤ ስልኩ ጋ ነው። የአይዳ ሥራ ዝርግ ነው፣ ቀለሙ ጥቂትና የተለያየ ነው፣ መሃሉ ላይ አንድ ቅርጽ ይቆማል፤ ይህ ሁሉ ወደ ጣት ስፋት ሲያንስም ይተርፋል። የኤልያስ ግን ከፍታና ዝቅታ አለው። ሽቦው ጥላ ይጥላል፣ ብርሃን በፕላስቲኩ ላይ ይንሸራተታል፤ ሦስት ሜትር የሚደርስ ስፋት በሰባት ሴንቲ ሜትር መስታወት ላይ ሲጨመቅ እያንዳንዱ ጉንጉን ከአንድ ነጥብ ያንሳል።

እንዲህ አድርጊ። የሙዚየም ወይም የጋለሪ ገጽ ላይ ሥራውን ፈልጊና ከርዕሱ ሥር የተጻፈውን ልክ ቅጂ። ከዚያ በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ በሜትር ለክተሽ በወረቀት ፕላስተር ያንኑ አራት ማዕዘን አስምሪ። ፊቱ ቁሚ፤ ከቁመትሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ቀጥሎ የዚያኑ ሥራ የቅርብ ፎቶ ፈልገሽ ስልኩን ከግድግዳው ላይ አስደግፊውና እዚያ ቦታ ላይ የሚታይሽ ይህ እንደሆነ አስቢ። ሙሉውንና የቅርቡን እያፈራረቁ ማየት ብዙ ነገር ይመልሳል። የተሻለው ግን መሄድ ነው። አዲስ አበባ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዞማ ሙዚየም መካኒሳ አካባቢ ይገኛል፤ ለክበባችሁ ጉዞ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሥዕል መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር በተጣለ ሽቦ አንድ ሥራ ለመሥራት አስበናል። የኤልያስን ሥራ ለመቅዳት ሳይሆን ከቁሱ ምን መማር እንደሚቻል ለማየት ነው። ምን ያህል ሽቦ ያስፈልገናል? በምን እንለጥፈው? ባለፈው የለጠፍነው በሙሉ ረገፈ።
*መምህር፣ መናኸሪያ አካባቢ፣ ሐዋሳ*

መልስ፦ ኮምፒዩተሮችን ከሚያገናኘው የኔትወርክ ኬብል ይጀምሩ። ቢሮዎች ሲያድሱ ይጥሉታል፣ ቆራሌውም ጋ አይጠፋም። በአንድ ኬብል ውስጥ ስምንት ሽቦ አለ፦ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ፣ ከእያንዳንዱ ጋር የተጣመረ ያው ቀለም ያለበት ነጭ። ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ የቀለም ገበታ አይገኝም። ሲገዙ አንዱን ጎንበስ አድርገው ይልቀቁት፤ እንደታጠፈ ከቀረ ውስጡ አንድ ወጥ ሽቦ ነው፣ ለጉንጉን ይሆናል። ተመልሶ ከተዘረጋ ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክር ነው፤ ቅርጽ አይይዝም።

ስለ መጠኑ። በአንድ ጊዜ ትልቅ አይጀምሩ፤ ለአራት ተማሪ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ይስጡ። ሦስት ሽቦ እንደ ሹሩባ ሲጎነጎን ስፋቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰሌዳውን ለመሸፈን 120 ረድፍ ያስፈልጋል። ሲጎነጎን ርዝመቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚያጥር 30 ሴንቲ ሜትር ረድፍ ለማግኘት ቢያንስ 36 ሴንቲ ሜትር ይፈጃል፤ ለመያዣና ለመቁረጫ ጨምረው 45 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ። 120 ረድፍ በሦስት ሽቦ፣ በ45 ሴንቲ ሜትር፦ 162 ሜትር ሽቦ ማለት ነው። ከስምንት ሽቦ ኬብል 21 ሜትር ይበቃዎታል። አራት ሰሌዳ ገጥመው 60 በ60 ሲያደርጉት 84 ሜትር ኬብል። የሰሌዳው ጎን እጥፍ ሲሆን ሽቦው አራት እጥፍ መሆኑን ብዙዎች ይረሱና መሃል ላይ ቀለም ያልቅባቸዋል፤ ከመጀመርዎ በፊት ሽቦውን በየቀለሙ ለይተው ይቁጠሩት።

የኬብሉን ውጪያዊ ልባስ ሲቀዱ ምላጩ በጥልቀት አይግባ፤ የውስጡን ቀለም ይቆርጠዋል። በብዙዎቹ ኬብሎች ውስጥ ጠንካራ ክር አለ፤ ጫፉ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ገልጠው ክሩን በፒንሳ ወደ ኋላ ሲስቡት ልባሱን ራሱ ይተረትረዋል።

ያለፈው የረገፈበት ምክንያት ከደብዳቤዎ እንደገባን በሆት ግሉ (በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ) ስለለጠፋችሁት ነው። ሆት ግሉ በፕላስቲክ ልባስ ላይ በደንብ አይነክስም፤ ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብ ከተሰቀለ ደግሞ ይለሰልሳል። የታጠፈ ሽቦ ሁልጊዜ ለመዘርጋት ይገፋል፤ ሙጫው ሲለሰልስ ያሸንፈዋል። በሚስማር ወይም በስቴፕለር ይያዙት። ሰሌዳው 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን፤ ሚስማሩ ቀጭንና ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ይሁን። 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ በጀርባው ይወጣና እጅ ይወጋል። 4 ሚሊ ሜትሩን ኮምፔንሳቶ ይተዉት፤ የሐይቁ እርጥበትና የሽቦው ግፊት በአንድ ወር ውስጥ ያጣምመዋል። ያለዎት እሱ ብቻ ከሆነ በጀርባው ዙሪያውን ሁለት በአራት ሴንቲ ሜትር እንጨት ይምቱበት።

አሰራሩ እንዲህ ነው። በእርሳስ ትላልቅ ክፍሎቹን ብቻ ይንደፉ፤ ዝርዝሩን ሽቦው ይወስነዋል። የጉንጉኑን መነሻ በሚስማር ይያዙ፣ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ አንድ ስቴፕል ይምቱ፣ ስቴፕሉ በሦስቱ ሽቦ መሃል ሳይሆን አንዱን ተሻግሮ ይግባ፤ ቀጣዩ ረድፍ ሲጠጋ ይደብቀዋል። ጫፉን ከሰሌዳው ጠርዝ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይቁረጡ፤ አለዚያ ሰሌዳዎቹ ሲገጠሙ ክፍተት ይታያል። ቀጥ ያለ ረድፍ ከመሃል ወደ ዳር፣ ክብ ቅርጽ ግን ከውጪ ወደ ውስጥ ይሥሩ። ከውስጥ የተጀመረ ክብ እየሰፋ ሲሄድ የትናንቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር መዛነፍ ዳር ላይ ይገዝፋል።

ተማሪዎቹ «የፈለግነው ቀለም የለም» ብለው ሽቦውን መቀባት ይፈልጋሉ። አይፍቀዱላቸው። በመጀመሪያ ቀለሙ በፕላስቲኩ ላይ አይዝም፤ ሲታጠፍ ይላጣል። ከዚያ በላይ ግን ትምህርቱ የሚጠፋው እዚያ ነው። ሁለት ጉንጉን አጎራብተው ሦስተኛ ቀለም እንዲፈልጉ ያድርጓቸው፤ ሦስት ሜትር ርቀው እንዲያዩትም ያስገድዷቸው። ምናብ በቁስ ሲታሰር ምን እንደሚያደርግ በቃል ከማስረዳት ይህ ይበልጣል።

ስለ ደኅንነት በጥብቅ የምንናገረው አለ። መዳብ ለማውጣትም ሆነ ልባስ ለማላቀቅ ሽቦ አያቃጥሉ፤ የሚወጣው ጭስ ሳንባ የሚጎዳ አሲድና መርዛማ ውህዶች አሉበት። የድሮ ቴሌቪዥን፣ የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይና ማይክሮዌቭ ተማሪ አይክፈት፤ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም በካፓሲተራቸው ውስጥ አደገኛ ኃይል ሊቀመጥ ይችላል። ወፍራሙ የድሮ ቴሌቪዥን መስታወት እርሳስ (መርዛማው ብረት) አለበት፣ አይሰበር። ያበጠ የስልክ ባትሪ ከክፍል ይውጣ። ማዘርቦርድ የነካ ሁሉ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ በድሮዎቹ ብየዳ ውስጥ እርሳስ አለና።

የተጠናቀቀውን ሥራ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ላይ ይስቀሉ። ፀሐይ የሽቦውን ቀለም ያጠፋዋል፤ ልባሱንም ያደርቀዋል። የ60 በ60ው ክብደት ከነኮምፔንሳቶው አራት ኪሎ ገደማ ስለሚሆን ሁለት መስቀያ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶግራፈር ነኝ፤ በአብዛኛው ሰርግና ምርቃት አነሳለሁ። በአይዳ ሙሉነህ ሥራ ተነሳስቼ ፊቷ ነጭ የተቀባ ሞዴል በሰማያዊ ጨርቅ ፊት ሐይቁ ዳር አነሳሁ። ነጩ ግራጫ ሆነ፣ ሰማያዊው ደበዘዘ፣ ፊቷ ላይ ያለው ቀለምም ተሰነጣጠቀ። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?
*አሞራ ገደል አካባቢ፣ ሐዋሳ*

መልስ፦ ሦስቱም የተለያየ ምክንያት አላቸው።

መሰነጣጠቁ ከቀለሙ ነው። የግድግዳም ሆነ የሸራ አክሪሊክ ፊት ላይ አይቀባም፤ ሲደርቅ ቆዳ ይስባል፣ ሲነሳም ያማል። ለፊት የተሠራ፣ በውኃ የሚርስ ቀለም ይፈልጉ። ከቀረጻው 24 ሰዓት በፊት በሞዴሏ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብተው ካሳከካት ወይም ከቀላ ይተዉት። በረጠበ (ውኃ በማይንጠባጠብበት) ስፖንጅ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይድገሙ። አንድ ወፍራም ሽፋን ሲደርቅ ከንፈርና ዓይን አካባቢ መሰንጠቁ አይቀርም። ሲያልቅ ትንሽ ታልክ ፓውደር ነስነስ ቢያደርጉበት ላብ ይይዛል። ከተቀባች በኋላ እንዳታወራና እንዳትስቅ ይንገሯት፤ ለዚህም ነው ቅንብሩ ሁሉ ከመቀባቷ በፊት ማለቅ ያለበት።

ነጩ ግራጫ የሆነው ካሜራው ስለተሳሳተ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል፤ ፍሬሙን ነጭ ፊት ሲሞላው «በዛ» ብሎ ብርሃን ይቀንሳል። የብርሃን ማካካሻውን ከ+0.7 እስከ +1 ያድርጉ። ቀይ ልብስ ካለ ግን የሦስቱን ቀለማት (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ) ሂስቶግራም፣ ማለትም የብርሃን መጠን የሚያሳየውን ሥዕላዊ መግለጫ፣ ለየብቻ ይመልከቱ፤ ነጩ ደኅና ሆኖ ቀዩ ብቻ ሊቃጠልና የጨርቁ እጥፋት ሊጠፋ ይችላል። በሮው (ካሜራው ባላረመው ጥሬ) ፋይል ያንሱ።

ሰማያዊው የደበዘዘው ካሜራው የብርሃኑን ቀለም በራሱ በሚያስተካክልበት በአውቶ ዋይት ባላንስ ይመስለናል። ፍሬሙ በሰማያዊ ጨርቅ ሲሞላ ካሜራው ሰማያዊውን እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ቢጫ ይጎትተዋል። ለፀሐይ 5200፣ ለጥላ 7000 ኬልቪን አካባቢ አስረው ያንሱ። ጨርቁ ከሞዴሏ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፤ ከቀረበ ቀለሙን ነጭ ጉንጯ ላይ ያንጸባርቃል። አቡጀዲ አስነክረው ከሆነ በደንብ ታጥቦ ይተኮስ፤ በደማቅ ቀለም ላይ መጨማደድ ወዲያው ዓይን ይወስዳል። ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ጨርቁን እንዳያርገበግበው የታችኛውን ጠርዝ በአሸዋ ከረጢት ያስይዙ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ሞዴሏ ሐይቁን ከጀርባዋ አድርጋ ከቆመች ከጠዋቱ 12:45 እስከ 2:00 ባለው ጊዜ ፀሐይዋ ፊቷን ታገኘዋለች። እንዳትጨፈግግ በ45 ዲግሪ ዘወር ትበል። ከ11 ሰዓት በኋላ ያው ቦታ ተቃራኒ ነው፤ ፀሐይ ከጀርባዋ ስለምትሆን የቀባችሁት ሁሉ በጥላ ይዋጣል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ዓይኗ ጉድጓድ ይሆናል፤ ስስ ደመና ከሌለ አይሞክሩት። ለጠዋት ለስላሳ ብርሃን አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 1/125 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው።

በስልክ የምታነሱ ካላችሁ ፊት የሚያለሰልሰውን ማሳመሪያ አጥፉ፤ በሁለት ቀለማት መካከል ያለውን ጥርት ያለ መስመር ያበላሸዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ከአይዳ የሚወሰደው ነጭ ፊትና ሰማያዊ ጨርቅ አይደለም፤ ይህ የእሷ ነው። የሚወሰደው ቀድሞ የመወሰን ልማድ ነው። ካሜራውን ከማውጣትዎ በፊት በእርሳስ ይንደፉ፤ ሦስት ቀለም ብቻ ይምረጡና ለእያንዳንዱ «ለምን እዚህ ገባ?» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። መልስ ያጡለትን ቀለም ያውጡት። በዓሣ ገበያው ወይም ጉዱማሌ በፍቼ ጨምበላላ በዓል ላይ ያዩት ልብስና ጌጥ ሊገባ ከፈለገ ባለቤቶቹን ትርጉሙን ጠይቀው፣ ፈቃዳቸውን አግኝተው ይሁን፤ ለአንድ ወገን ክብር የሆነ ነገር ለጌጥ ብቻ ሲገባ ምስሉ ላይ ያስታውቃል።

ቀለሙን ለማስለቀቅ በመጀመሪያ የሕፃናት ዘይት፣ ቀጥሎ ለስላሳ ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ። ዓይን አካባቢ አይፈተግ፤ በዘይት የራሰ ጥጥ ለግማሽ ደቂቃ ይቀመጥበትና ወደ ታች ይጠረግ።